ውሃን ወደ ኮረብታ ያወጡት መሐንዲስ

የአንድ ከተማ ዕድገት በቤቱ ብዛት ብቻ የሚለካ አይደለም። ቤት በአንድ በጋ ይሠራል፤ ሰፈርም በአንድ ትውልድ ዘመን ይሞላል። ነገር ግን ሕዝቡ ውሃውን ከየት እንደሚቀዳ፥ ማገዶውን ከየት እንደሚያመጣ፥ ሌሊት በምን ብርሃን እንደሚሄድ፥ እህሉና ሸቀጡ በየትኛው መንገድ እንደሚገባ አስቀድሞ ካልታሰበ፥ ቤቱ በበዛ ቁጥር ችግሩም አብሮ ይበዛል። ስለዚህ የከተማ ታሪክ ሲጻፍ ቤተ መንግሥቱንና አደባባዩን ብቻ ሳይሆን፥ ከመሬት በታች የተቀበረውን ቧንቧና በመሬት ላይ የተዘረጋውን ሐዲድ መመልከት ይገባል።

በአዲስ አበባ፥ በአራዳ ከፒያሳ ሥር፥ እሪ በከንቱ ተብሎ የታወቀው ሰፈር ስሙ ራሱ ይህን ያስተምራል። ሽማግሌዎች ሲያወሩት እንደ ኖሩት፥ ቦታው በቀድሞ ዘመን ቁጥቋጦ የበዛበት ጨለማ ገደል ስለ ነበረ፥ መንገደኛ በሌባ ተይዞ እሪ ብሎ ቢጮኽ የሚደርስለት ሰው አልነበረም፤ ስሙም ከዚህ የወጣ ነው ይባላል። አተራረኩ እንደ ተራኪው ቢለያይም፥ ስሙ የሚያመለክተው ነገር ግልጥ ነው። መብራት፥ መንገድና ጥበቃ ያልደረሰበት ስፍራ ምን ዓይነት እንደሆነ በሁለት ቃል ይናገራል። እንግዲህ ትልቁ የአራዳ ገበያ፥ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፥ ሱቁና ባንኩ በቅርብ ሳሉ፥ እሪታ የማይሰማበት ገደል በመካከላቸው የቀረው ለምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመልሶ፥ ለአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የውሃ ቧንቧ የዘረጉትን የሙሴ አልፍሬድ ኢልግን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

ልደታቸውና አመጣጣቸው

ሙሴ ኢልግ በመጋቢት ወር 1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር፥ ፍራውንፌልድ በተባለች ከተማ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውንም በዙሪክ ከተማ በሚገኘው በታወቀው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምረው በመሐንዲስነት ወጡ። ስዊስ የባሕር በር የሌላት፥ ተራራና ሸለቆ የበዛባት አገር ናት። ሙሴ ኢልግ በወጣትነታቸው ዘመን፥ በአልፕስ ተራሮች ሥር የሚያልፈው የጎታርድ የባቡር ዋሻ በመቆፈር ላይ ነበር። ስለዚህ ወንዝን በድልድይ መሻገር፥ ውሃን ከተራራ ማውረድና ሐዲድን በገደል ጫፍ ማሳለፍ ለእሳቸው የመጽሐፍ ነገር ብቻ ሳይሆን በአገራቸው በየቀኑ የሚታይ ሥራ ነበር። ተራራማና የባሕር በር የሌላት ወደ ነበረችው ወደ ሸዋ ሲመጡ ብዙ ነገር እንግዳ ቢሆንባቸውም፥ የመሬቱ አቀማመጥ ግን እንግዳ አልሆነባቸውም።

በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የእጅ ጥበብና የምሕንድስና ዕውቀት ያላቸው ሰዎች ከውጭ አገር እንዲመጡላቸው ይፈልጉ ነበር። ጥያቄያቸውም በዓደን በነበረ የስዊስ ንግድ ቤት በኩል ወደ አውሮፓ ደረሰ። ወጣቱ መሐንዲስ ሁለት የአገራቸውን የእጅ ባለሙያዎች አስከትለው መንገድ ጀመሩ፤ ከባሕር ዳር ተነሥተው በረሃውን በግመልና በበቅሎ ካቋረጡ በኋላ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገቡ። ዕድሜያቸው በዚያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላም።

ንጉሡ መሐንዲሱን ወዲያው ወደ ትልቅ ሥራ አላሰማሯቸውም። መጀመሪያ ጫማ እንዲሠሩ፥ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠሩ ማዘዛቸው ይነገራል። ሙሴ ኢልግም ጫማ ሰፊ ወይም ጠመንጃ ሠሪ አይደለሁም ብለው ሳይከራከሩ የታዘዙትን በትዕግሥት ሠርተው አቀረቡ፤ ከዚያ በኋላ የንጉሡ አመኔታ እየጨመረ ሄደ ይባላል። ዛሬ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በመጀመሪያ የሥራ ቀኑ ከዕውቀቱ በታች የሆነ ተግባር የሚሰጠው ወጣት ሠራተኛ ይህን ታሪክ ቢያስታውስ አይጎዳም። ሰው የሚታመንበት ትልቅ ሥራ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በትንሹ ሥራ ከተፈተነ በኋላ ነው።

ፈተናውን ካለፉ በኋላ ከተሰጧቸው ሥራዎች አንዱ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ መሥራት ነበር። ይህም በ1870ዎቹ ተፈጸመ። አዋሽ በክረምት ሲሞላ ነጋዴውንም ወታደሩንም ለወራት የሚያግድ ወንዝ ስለ ነበረ፥ የድልድዩ ጥቅም ለሸዋ ንግድ እጅግ ታላቅ ነበር። ብረት የሚቀልጥበት ፋብሪካ፥ እንጨት የሚሰነጠቅበት መኪና ባልነበረበት አገር፥ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በሰው እጅ መዘጋጀትና በሰው ትከሻ መመላለስ ነበረበት። ሙሴ ኢልግ በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ከመሣሪያው ይልቅ ሰዉን ማወቅ እንደሚቀድም ስለ ተረዱ አማርኛን አጥንተው ያለ አስተርጓሚ መነጋገር ቻሉ። ይህ የቋንቋ ዕውቀታቸው በኋላ ዘመን ከምሕንድስናው ያላነሰ ጥቅም ሰጥቷቸዋል።

ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ

ምኒልክ ከአንኮበር ተነሥተው በ1870ዎቹ መጀመሪያ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከተሙ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ስለ ሆነ፥ ጠላትን ለማየትና ለመከላከል የተመቸ ነበር። ለኑሮ ግን አልተመቸም። ነፋሱና ብርዱ ብርቱ ነው፤ ወደ ጫፉ የሚወጣው መንገድ ዳገት ነው፤ ማገዶውም እያለቀ ሄደ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍል ውሃ ወርደው በሜዳው ላይ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ ለቦታውም አዲስ አበባ የሚለውን ስም ሰጡት። ከዚያ በኋላ መኳንንቱና ሠራዊቱ እየተከተሉ ወረዱ፤ የቤተ መንግሥቱም ግቢ ከፍል ውሃ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ተሠራ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያን ዘመን የንጉሥ ከተማ ማለት በአብዛኛው ትልቅ ሰፈር ማለት ነበር። ንጉሡ በኮረብታው ላይ ይቀመጣሉ፤ መኳንንቱም እያንዳንዳቸው በተሰጣቸው ጉብታ ላይ ከነአሽከሮቻቸው ይሰፍራሉ፤ በሰፈሮቹ መካከል የሚቀረው ሸለቆና ገደል የማንም ሳይሆን ይቀራል። አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በዚህ ሥርዓት ነው። ራስ እገሌ ሰፈር፥ ደጃዝማች እገሌ ሰፈር እየተባለ እስከ ዘመናችን የቆየው አጠራር የዚያ አሰፋፈር ትዝታ ነው። እንደ እሪ በከንቱ ያለው ገደል በሰፈሮች መካከል ባዶ ሆኖ የቀረውም እንዲህ ባለው አሰፋፈር ነው ብሎ መገመት አያስቸግርም።

እንዲህ ያለው ከተማ ማገዶው ሲያልቅ ወይም ውሃው ሲጎድል ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል። አንኮበር፥ እንጦጦ፥ አዲስ አበባ እየተባለ በአንድ ንጉሥ ዘመን ብቻ መናገሻው መለዋወጡ የዚሁ ውጤት ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ትቆያለች ወይስ እንደ ቀድሞዎቹ ትፈርሳለች የሚለው ጥያቄ በዚያ ዘመን ከልብ የሚጠየቅ ጥያቄ ነበር።

ሽቅብ የወጣው ውሃ

የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ለመከላከያም ለመታያም መልካም ቢሆንም፥ ውሃው ሁሉ የሚቀዳው ከታች ከሸለቆው ነበር። ብዙ ሺህ ሰው ግብር ለሚበላበት ግቢ ምን ያህል ውሃ እንደሚያስፈልግ ማሰብ አያዳግትም። ለጠጁ፥ ለጠላው፥ ለወጡ፥ ለእጅ መታጠቢያው፥ ለፈረሱና ለበቅሎው የሚሆነው ሁሉ በእንስራ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ነበር። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ሃያ ሊትር የሚይዝ እንስራ የሸክላውን ክብደት ሳይጨምር ሃያ ኪሎ ነው። ይህ ሸክም በሴቶችና በአሽከሮች ጀርባ በየቀኑ ይመላለስ ነበር።

ሙሴ ኢልግ ይህን ችግር በ1886 ዓ.ም. ገደማ በቧንቧ ለማቃለል ተነሡ። ሐሳባቸው ውሃውን ከቅርቡ ወንዝ በመሣሪያ ኃይል መግፋት ሳይሆን፥ ከእንጦጦ ተራራ ከፍ ብሎ ከሚገኝ ምንጭ ጠልፎ በብረት ቧንቧ ማምጣት ነበር። ቧንቧው ከተራራው ይወርዳል፤ ሸለቆውን ያቋርጣል፤ ከዚያም የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ይወጣል። ይህን የሰሙ ብዙ ሰዎች ውሃ ቁልቁል መውረዱን እንጂ ሽቅብ መውጣቱን እንዴት እንመን ብለው ተጠራጠሩ።

የነገሩ ምሥጢር ለተማሪ ቀላል ነው። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ ሁለቱ ጫፎቹ በአንድ ልክ እስኪሆኑ ድረስ ይገፋል። በአሥር ሜትር ከፍታ ልክ የቆመ ውሃ፥ በታች ባለው በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ክብደት ይጫናል። ስለዚህ መነሻው ከመድረሻው ከፍ ያለ እስከ ሆነ ድረስ፥ በመካከል ሸለቆ ቢኖርም ውሃው ያለ ምንም ሞተር ወርዶ ተመልሶ ይወጣል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለሦስት ነገር ነው። ከፍታው በትክክል መለካት አለበት፤ ከሸለቆው ግርጌ ያለው ቧንቧ ግፊቱን የሚችል ወፍራም መሆን አለበት፤ መጋጠሚያው ሁሉ አየርና ውሃ የማያሳልፍ መሆን አለበት። የምድር ባቡር ባልነበረበት ዘመን ከውጭ አገር የሚመጣ ከባድ ብረት ከባሕር ዳር እስከ ሸዋ የሚደርሰው በግመልና በበቅሎ ብቻ እንደ ነበረ ስናስብ፥ የሥራው ድካም ይገባናል።

ውሃውም ኮረብታውን ወጥቶ በግቢው ውስጥ ፈሰሰ። ሕዝቡ እጅግ ተደነቀ፤ አዝማሪዎችም ግጥም ገጠሙለት። ሐሳቡን የተጠራጠሩትም ውሃው ሲፈስ በዓይናቸው አዩ። በከተማይቱ ታሪክ የመጀመሪያው የቧንቧ ውሃ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ቧንቧው የተዘረጋው ለቤተ መንግሥቱ እንጂ ለከተማው አልነበረም። የአራዳ ነጋዴ፥ የገበያው ሸማች፥ በየሰፈሩ የሚኖረው ወታደርና የእጅ ባለሙያ ለብዙ ዘመን ውሃውን የሚቀዳው ከምንጭና ከቀጨኔ፥ ከጊንፍሌና ከቀበና ወንዞች ነበር። ሙሴ ኢልግን በዚህ መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ ያዘዟቸው ንጉሥ ነበሩና የታዘዙትን ፈጸሙ፤ ማዘጋጃ ቤት የሚባል መሥሪያ ቤትም ገና አልተቋቋመም ነበር። ነገር ግን ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት አለ። የመጀመሪያው ቧንቧ የት እንደሚቆም የሚወስነው ሰው፥ የከተማውን የመጀመሪያ ካርታ ሳያስበው ይሥላል። ቧንቧ የደረሰበት ቦታ ይከብራል፤ ያልደረሰበት ደግሞ ሰው ሰፍሮበትም እንኳ ገደል ሆኖ ይቆያል።

አዲስ ዓለም ወይስ አዲስ አበባ

ቧንቧው ከገባ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ማገዶ ጠፋ። በአካባቢው የነበረው ጥድና ወይራ ለቤትና ለእሳት ተቆርጦ አለቀ። ዐፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘውና ደን ወዳለው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። የቀድሞው ልማድ ቢቀጥል ኖሮ አዲስ አበባ እንደ እንጦጦ ባዶ ተራራ ሆና በቀረች ነበር።

ነገር ግን በዚህ ጊዜ ሁኔታው ተለውጦ ነበር። የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች በአዲስ አበባ ለቤታቸው ብዙ ወጪ አውጥተው ነበርና መዛወሩን አልወደዱትም። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍም በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶና ለቤት ሥራ የሚደርስ በመሆኑ በከተማይቱ ዙሪያ መተከል ጀመረ። ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደው መንገድ መሠራቱም እንጨትን ከሩቅ ለማምጣት አመቸ። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተለወጠ።

ድንኳን በአንድ ሌሊት ይነቀላል፤ በመሬት ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ፥ ሥር የሰደደ ዛፍና በድንጋይ የተሠራ መንገድ ግን አይነቀልም። አዲስ አበባን ከሰፈርነት ወደ ከተማነት ያሸጋገራት እንዲህ በመሬት ላይ እየጠለቀ የሄደው ወጪ ነው። አንድ ከተማ ለዘለቄታው የሚቆመው አዋጅ ስለ ተነገረለት ሳይሆን፥ ትቶት መሄድ ከመቆየት ይልቅ የሚከብድ ሲሆን ነው።

የምድር ባቡርና የድሬዳዋ መወለድ

ሙሴ ኢልግ ከውሃው ሥራ ጋር በአንድ ዘመን የያዙት ሌላው ታላቅ ሐሳብ የምድር ባቡር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በመጋቢት ወር 1886 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል ወደ ሸዋ ለሚዘልቅ ሐዲድ ፈቃድ ሰጧቸው። እሳቸውም ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሙሴ ሌዮን ሸፍኔ ጋር ሆነው ኩባንያ አቋቋሙ። በዚያው ዘመን የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ የፖስታ ቴምብሮች በፓሪስ እንዲታተሙ በማድረግም ድርሻ ነበራቸው።

ከአድዋ ድል በኋላ የኢትዮጵያ ስም በዓለም ሲገን፥ የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞች እየተከታተሉ ወደ አዲስ አበባ መጡ። በ1889 ዓ.ም. ሙሴ ኢልግ የመንግሥት አማካሪ ተብለው ተሾሙ፤ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ መልእክተኞች ጋር በተደረገው ንግግርም በአማካሪነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። በጫማና በጠመንጃ የተፈተኑት ወጣት መሐንዲስ አሁን የመንግሥትን ምሥጢር የሚያውቁ ትልቅ ሰው ሆኑ።

የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። መጀመሪያ የታሰበው ሐዲዱ ሐረር ከተማ እንዲገባ ነበር። ሐረር ግን ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ናት፤ ከበረሃው ተነሥቶ ወደዚያ የሚያወጣው ዳገት ሎኮሞቲቭን የሚያስቸግር፥ ወጪውም እጅግ የሚከብድ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ፥ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተወሰነ። በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚያ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ በጣቢያውም ዙሪያ አዲስ ከተማ ተወለደ። በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ ዛሬ የምናውቀው ድሬዳዋ ነው።

እነሆ የመሐንዲስ አንድ መስመር በወረቀት ላይ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ማዘንበሉ የሁለት ከተሞችን ዕድል ለወጠ። ለብዙ መቶ ዓመታት የምሥራቁ ንግድ እናት የነበረችው ሐረር ንግዷ ወደ ታች ወረደ። ሰው ያልበዛበት ሜዳ ደግሞ በጥቂት ዓመት ውስጥ መጋዘን፥ ጉምሩክ፥ የባቡር መጠገኛና ቀጥ ያለ ጎዳና ያለው ከተማ ሆነ። ድሬዳዋ ጎዳናዎቿ ቀጥ ብለው የተተለሙት፥ ከአዲስ አበባ በተለየ መንገድ ሐዲዱና ፕላኑ ከሕዝቡ ቀድመው ስለ ደረሱ ነው። በአዲስ አበባ ሕዝቡ ቀድሞ ሰፍሮ ነበርና መንገዱ ሰፈሩን እየዞረ ለመሄድ ተገደደ።

ገንዘቡ ከማን እንደ መጣ

የምድር ባቡሩ ታሪክ ሌላ ብርቱ ትምህርት አለው። ኩባንያው ለሥራው የሚበቃ ገንዘብ አልነበረውም፤ ስለዚህ ከውጭ ተበደረ። ዕዳው ሲከብድ በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ለኩባንያው ገንዘብ ለመስጠት ተዋዋለ፤ በዚያውም በሐዲዱ አስተዳደር ላይ ሥልጣን አገኘ። ይህ ስምምነት የተደረገው ያለ ዐፄ ምኒልክ ፈቃድ ስለ ነበረ ንጉሠ ነገሥቱ እጅግ ተቈጡ፤ ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ በተደረገው በዓል ላይም ሳይገኙ ቀሩ። ሥራው ለብዙ ዓመታት ቆመ። የአገሪቱ በር የሚሆነው መስመር በማን እጅ ይሁን የሚለው ክርክር የታላላቅ መንግሥታት ክርክር ሆነ፤ በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ ኢትዮጵያ በመካከላቸው በተዋዋሉት ስምምነት ውስጥም የባቡሩ ጉዳይ ገባ።

ሙሴ ኢልግ በዚህ ክርክር መካከል ተያዙ። በአንድ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ፥ በሌላ በኩል የኩባንያው መሥራች ነበሩ፤ ሁለቱ ሥራዎች ሲጋጩ የሁለቱንም ወገን አመኔታ ጠብቆ መቆየት አልተቻለም። በቤተ መንግሥቱ የነበራቸው ተሰሚነት እየቀነሰ ሄደ። ሃያ ሰባት ዓመት ያህል ካገለገሉ በኋላ በ1899 ዓ.ም. ገደማ ሥራቸውን ለቅቀው ወደ ዙሪክ ተመለሱ። በኢትዮጵያ የሰበሰቧቸው ዕቃዎችና ያነሷቸው ፎቶግራፎች በአገራቸው ተጠብቀው ስለ ቆዩ፥ ዛሬ የዚያን ዘመን አዲስ አበባ ለሚያጠኑ ሰዎች ትልቅ ምስክር ሆነዋል።

የባቡሩ ሥራ በአዲስ ኩባንያ ተቀጥሎ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ ወር 1906 ዓ.ም. ዐርፈው ነበር። ሙሴ ኢልግም በታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. በዙሪክ ሞቱ፤ ቀኑ በኢትዮጵያ የገና በዓል ነበር። ሐሳቡን ያመነጩት መሐንዲስም፥ ፈቃዱን የሰጡት ንጉሠ ነገሥትም ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ አላዩም።

ከእሳቸው በኋላ

ባቡሩ ከገባ በኋላ የከተማይቱ ክብደት ከአራዳ ኮረብታ ወደ ደቡብ ማዘንበል ጀመረ። ጣቢያው የተሠራው በታችኛው ሜዳ ስለ ሆነ መጋዘኑም፥ ንግድ ቤቱም፥ ሆቴሉም ወደ ለገሐር አቅጣጫ ተሳበ። የአራዳ ገበያ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ እንዲዛወር ተደረገ። ውሃን በተመለከተም የእንጦጦ ምንጮች ለሚበዛው ሕዝብ የማይበቁ ሆኑ፤ በ1930ዎቹ በስተ ምዕራብ የገፈርሳ ግድብ፥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በስተ ምሥራቅ የለገዳዲ ግድብ ተጨመረ። ያም ሆኖ የመሬቱ አቀማመጥ አልተለወጠም። አዲስ አበባ በሰሜን ከፍ ብላ ወደ ደቡብ የምትወርድ ከተማ ስለ ሆነች፥ ንጹሑ ውሃ በክብደቱ የሚወርድበት፥ ቆሻሻውም የሚከማችበት አቅጣጫ ወደ አቃቂና ወደ ቃሊቲ ነው። ከፍ ባለው ሰሜን ለሚኖር ሰው ውሃ ማድረስ የሞተር ኃይል ይጠይቃል፤ በታች ለሚኖር ሰው ደግሞ ከላይ የሚወርደውን ቆሻሻ መከላከል ግዴታ ነው። ሙሴ ኢልግ ከፍታውን ሳይለኩ ቧንቧ እንዳልቀበሩ ሁሉ፥ ዛሬም ከፍታን ያላገናዘበ ፕላን ገንዘብ ማባከን ነው።

የባቡሩም ነገር ተደግሟል። አሮጌው ሐዲድ ሥራውን ካቆመ በኋላ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ለገሐር ሳይሆን በከተማው ዳር በፉሪ ለቡ ነው። የመጀመሪያው ጣቢያ ከተማይቱን ከአራዳ ወደ ለገሐር እንደ ሳባት ሁሉ፥ አዲሱም ወደ ራሱ አቅጣጫ መሳቡ አይቀርም። ጥያቄው ከተማው ወደዚያ ከመስፋቱ በፊት ውሃው፥ የቆሻሻ ማስወገጃው፥ መንገዱና መብራቱ ይቀድማሉ ወይስ ይከተላሉ የሚለው ነው። መከተል ከሆነ፥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ይደርሳል።

ከሙሴ ኢልግ ሕይወት ለተማሪና ለወጣት ሹም የሚተርፈው ምክር እንግዲህ ይህ ነው። አንደኛ፥ ቧንቧ፥ ሐዲድና የመብራት ሽቦ የሚዘረጉት በአንድ ዓመት ቢሆንም የሚያዝዙት ግን ለመቶ ዓመት ነው፤ ስለዚህ መስመሩን በወረቀት ላይ የሚሥል እጅ ለዛሬው ሰፈር ብቻ ሳይሆን ገና ላልተሠራውም ማሰብ አለበት። ሁለተኛ፥ ሥራው የሚሠራበት ገንዘብ ከማን እንደ መጣና ባለ ገንዘቡ በምላሹ ምን እንደሚይዝ ውሉ ሳይፈረም መመርመር አለበት፤ ሐዲዱን ያዘገየው የብረት እጥረት ሳይሆን የውል ጉድለት ነበር። ሦስተኛ፥ የአንድ ሥራ ጥበብ የሚመዘነው ውሃው ሽቅብ በመውጣቱ ብቻ ሳይሆን ለስንት ሰው በመድረሱ ነው።

ሙሴ ኢልግ ውሃን ወደ ኮረብታ ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ከኮረብታው አውርዶ በገደሉ ውስጥ ለሚኖረው ሕዝብ ማከፋፈል ግን የአንድ መሐንዲስ ሳይሆን የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው። ያ ሥራ በተፈጸመበት ሰፈር የሚጮኽ ሰው በከንቱ አይጮኽም።